ዝነኞች በለቅሶ ቤት ስለሚቀረጹበት ሁኔታ የወጣ አዋጅ

የሰማህ ላልሰማ አሰማ!

የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 27 የማንኛውም ሰው ፎቶግራፍ ያለ ፈቃዱ በአደባባይ እንዳይታይ ከልክሎ ሲያበቃ፣ በቁጥር 28 ደግሞ ሰውዬው ዝነኛ ከሆነ ወይም ነገሩ በአደባባይ የተፈጸመ ሥነ ሥርዓት ከሆነ ፈቃድ አያስፈልግም በማለቱ፤

ሕጉ ሲረቀቅ ስልክ በሽቦ የታሰረ ዕቃ ስለነበር፣ ለቀስተኛ ይዞት ቀብር ይመጣል ተብሎ ባለመታሰቡ፤

ጥላሁን ገሠሠ በ2001 ዓ.ም. አርፎ ቅድስት ሥላሴ ካቴድራል ሲቀበር ሕዝብ ነቅሎ ወጥቶ ያለቀሰ ቢሆንም፣ ያን ዕለት ካሜራው የመጣው ለሟቹ ሲል በመሆኑና ይህም አሠራር ጊዜው ያለፈበት ሆኖ በመገኘቱ፤

የሚከተለው ታውጇል።

አንቀጽ 1፦ አጭር ርዕስ

ይህ አዋጅ «የአክስቴ ቀብር አዋጅ» ተብሎ ሊጠቀስ ይችላል።

አንቀጽ 2፦ ትርጓሜ

የቃሉ አገባብ ሌላ ትርጉም የሚያሰጠው ካልሆነ በስተቀር፣ «ዝነኛ» ማለት ቲክቶክ ላይቭ ለመግባት አብዛኛውን ጊዜ የሚጠየቀውን 1,000 ተከታይ ካሟላ በኋላ «በምን ታወቅህ?» ብሎ የሚጠይቀው የጠፋ ሰው ነው። «ሟች» ማለት ዝነኛው የመጣበት ምክንያት ነው።

አንቀጽ 3፦ የተፈጻሚነት ወሰን

ኔትወርክ ባለበት ሁሉ።

አንቀጽ 4፦ ክልከላ

1) በቀብርና በለቅሶ ቤት መቅረጽ ፈጽሞ የተከለከለ ነው።

2) የዚህ አንቀጽ ንዑስ አንቀጽ 1 ድንጋጌ ቢኖርም፦

ሀ) ቀራጩ «ለራሴ ማስታወሻ ነው» ያለ እንደሆነ መቅረጽ ይችላል። ማስታወሻውን ስንት ሺህ ሰው እንዳየው አይጠየቅም።

ለ) ዝነኛው ከመኪናው ሲወርድ ሳይቀረጽ የቀረ እንደሆነ ተመልሶ ገብቶ እንደገና ሊወርድ ይችላል። በዚህ ጊዜ አስከሬን የተሸከሙ ሰዎች ባሉበት ይቆማሉ። መውረዱ የተደጋገመ እንደሆነ ተሸካሚዎቹ ትከሻ እንዲቀያየሩ ይፈቀድላቸዋል፤ ሆኖም ትከሻ የሚቀይር ሰው በካሜራውና በዝነኛው መካከል ማለፍ አይችልም።

ሐ) በፊደል ተራ (ለ) የተደነገገው እንደተጠበቀ ሆኖ፣ ፍትሐቱ ላይ የነፋስ ድምፅ የገባ እንደሆነ ቄሱ ከመካከሉ እንዲደግሙት በትሕትና ይጠየቃሉ። እምቢ ያሉ እንደሆነ በድምፃቸው ላይ ሙዚቃ ይገባበታል።

መ) ዝነኛው ሟቿን በሕይወቷ አይቷት የማያውቅ መሆኑ፣ ከቤተሰቡ ጋር ያለው ዝምድናም የወንድሟ ልጅ ድምፅ ማጉያ ስላከራየው ብቻ የመጣ መሆኑ ከማልቀስ አያግደውም። ጥቁር መነጽር ያደረገ እንደሆነ እንባው እንደወረደ ይቆጠራል። ነጠላ ማዘቅዘቁ ከሩቅ ያልታየ እንደሆነ ቀጥ አድርጎ ለብሶ እንደገና ሊያዘቀዝቅ ይችላል።

ሠ) ከሟች የቅርብ ዘመዶች መካከል ዝነኛውን ያቀፈ በቪዲዮው ይታያል። ያላቀፈ ተቆርጦ ይወጣል። አቅፎ ስሙን ያልጠራ ግን ግማሽ ፊቱ ይታያል።

ረ) ንፍሮ ይዘው ድንኳኑ ውስጥ የሚያልፉ እናት «እማማ፣ ብርሃኑን ከለሉብን፣ ዞር ይበሉልን» ይባላሉ። ሴትዮዋ ከሟቿ ጋር ዕድሜያቸውን ሙሉ በአንድ እድር ወጥ ሲሠሩ የኖሩ መሆናቸው ከመዞር ነፃ አያደርጋቸውም።

ሰ) መርዶ በማለዳ፣ በሽማግሌና በወዳጅ፣ ሰው ተሰብስቦ ይነገር የነበረበት ልማድ በላይቭ ሊተካ ይችላል። ይህ ፊደል ተራ በተለይ የሚመለከተው ዱባይ ሰው ቤት የምትሠራ የሟች ልጅን ነው።

ልጅቷ አልሰማችም ነበር። በዕረፍት ቀኗ ጓደኞቿ ቡና አፍልተው፣ ጠርተው፣ ይዘው እንዲያረዷት ተነጋግረን ነበር። እስከዚያ ስትደውል «እናትሽ ጸበል ሄደዋል» እንላታለን። እሷ ሥራ ጨርሳ ስልኳን ስትከፍት የእናቷን ፎቶ አየች፤ ሬሳ ሣጥን ላይ። በፎቶው ላይ ተመልካች በስጦታ የሚልከው ጽጌረዳ ይዘንባል፤ ከጎን አንዱ «አንበሳ ላኩለት!» ይላል። «እማዬ ናት እንዴ?» ብላ ጻፈች። ለዝነኛው ስልኩን የያዘለት ልጅ አነበበው። ጮክ ብሎ አነበበው! ቀጥሎ ምን አለ? «እህታችን እናቷ ሳይሆኑ አይቀሩም፤ አይዞሽ በሏት፣ ታፕ ታፕ አድርጉ።»

ታፕ ታፕ። አንተ ልጅ፣ እናት የለህም? ማንም አላሳደገህም? ሰው ወገቡን ይዞ ሲያለቅስ ስልኩን ኪሱ እንዲከት የሚነግር አዋጅ ከየት ይምጣልህ? ነጋሪት ይጎሰምልህ?

የዚህን ፊደል ተራ አፈጻጸም በተመለከተ ዝርዝር መመሪያ ይወጣል። ቆይ፣ አይወጣም። ምን መመሪያ ያስፈልገዋል?

ሸ) ከፊደል ተራ (ሀ) እስከ (ሰ) ያልተጠቀሰ ነገር ቢኖር እንደተፈቀደ ይቆጠራል።

አንቀጽ 5፦ ስለ ቪዲዮው ርዕስ

ርዕሱ የዝነኛውን ሙሉ ስም፣ «ሰበር» የሚል ቃልና የሚያለቅስ ምልክት ይይዛል። የሟች ስም ቦታ ከተረፈ ይጻፋል። በአክስቴ ጊዜ አልተረፈም።

አንቀጽ 6፦ የተሻሩ ሕጎች

ይሉኝታ በዚህ አዋጅ ተሽሯል።

አንቀጽ 7፦ ቅጣት

የለም።

አንቀጽ 8፦ አዋጁ የሚጸናበት ጊዜ

አዋጁ ከመታወጁ በፊትም የጸና ነበር። ቪዲዮው እስካሁን አልወረደም። ያጋጠማችሁ ሰዎች ላይክም ሼርም አታድርጉ፤ ሪፖርት አድርጉት።