የስህተት መፈለጊያው አጫጫን

ኦፕን ኦ ሲ ዲ ቺፕ ውስጥ የሚሮጥን ፕሮግራም እያስቆመ ስህተቱን የሚያሳይ፣ ምንጩ ክፍት የሆነ ነጻ ሶፍትዌር ነው። ዶሚኒክ ራት በጀርመን አውግስቡርግ ለመመረቂያ ጽሑፉ የጀመረው ነው። ስህተት ፈላጊ ስህተትን መውደድ ስላለበት፣ አጫጫኑ ከወዲሁ ያለማምደዋል።

ዝግጁውን ጥቅል የሚያወርድ ሰው አዲሱን ቺፕ አያገኝበትም። ዕትም 0.10 በ2017፣ ተከታዩ 0.11 በ2021 እ.ኤ.አ. ወጡ፤ ቺፕ ሠሪዎች በመሃሉ አርፈው መቀመጥ አቅቷቸዋል። ስለዚህ ከምንጭ ኮዱ መገንባት ይመከራል። ግንባታው ጨዋ ነው፦ ከዩኤስቢ ጋር የሚያነጋግረው ሊብዩኤስቢ ቢጎድል እንኳ ሰው አያስደነግጥም፤ በረጅም ዝርዝር መካከል በለሆሳስ «የለም» ብሎ ሥራውን በሰላም ይጨርሳል። ቺፑ ያለበት ሰሌዳ ሲሰካ ጉዳዩ ይገለጣል። ያ ሲቃና ደግሞ የዩኤስቢ ፈቃድ ይከለከላል፤ ፈቃዱን የሚሰጠው የሊኑክስ ዩዴቭ ደንብ ተቀድቶ ገመዱ ተነቅሎ ይሰካል።

በጋይንት ቤተ ልሔም ድጓ ያስመሰከረ መርጌታ ምስክርነቱ ዕድሜ ልኩን ያገለግለዋል። ኦፕን ኦ ሲ ዲን ያስመሰከረ ግን ኡቡንቱ ሲታደስ ከፊደል ይጀምራል።

ሁሉም ከተሟላ ሶፍትዌሩ በወደብ 3333 ጂዲቢ የተባለውን የምርመራ ፕሮግራም ይጠብቃል፤ ዋናው ምርመራም ይጀመራል። የሚመረመረው አንዲት መብራት የሚያብለጨልጭ ባለ ዐሥር መስመር ፕሮግራም ነው።