ክብሪት ይዞ ገበያ

የሀገር ውስጥ ዕቃ በሀገሩ የሚቀመጠውን ፈተና የውጭ ዕቃም ይቀመጥ ቢባል፣ ግማሹ ጂቡቲ ወደብ ላይ ወድቆ ይቀር ነበር። እዚህ የተሠራ ወንበር ስንገዛ እናነቃንቀዋለን፣ እንገለብጠዋለን፣ ምስማሩን እንቆጥራለን፤ ካላመንን ከገበያተኛው መሀል ወፍራሙን መርጠን እናስቀምጥበታለን። ከባሕር ማዶ የመጣውን ግን ካርቶኑ ላይ ያለውን ሥዕል አምነን፣ ካርቶኑን ሳንከፍት ተሸክመን እንሄዳለን። ቤት ደርሶ አንድ እግሩ ቢያጥር ጥፋቱ የወለሉ ነው። የሠፈራችን አናጺ የሠራው ከሆነ ግን ጥፋቱ የአናጺው፣ የአስተማሪው፣ ሲብስም የመላው ኢትዮጵያ ይሆናል። «ድሮስ የእኛ ሀገር ሥራ!» እንልና ወንበሩን እንረግመዋለን።

ይህን ጠባያችንን እንደ መርካቶ ጫማ ሠሪዎች ያጠና የለም። አጥንተውም መድኃኒቱን አግኝተውለታል፤ ሶሉ ላይ «ሜድ ኢን ኢታሊ» ብሎ ማተም። ጫማ ፍለጋ አንዱ ሱቅ ገብቼ ጥቁር፣ አፍንጫው ሾል ያለ ጫማ አነሣሁ። ባለሱቁ ሳልጠይቀው ከኪሱ ላይተር አወጣና የጫማውን ጎን በእሳት ያስልሰው ጀመር።

«ይዩት ጋሼ! ፕላስቲክ ቢሆን እስካሁን ቀልጦ ነበር። የጣሊያን ነው፤ ኦርጅናል!»

«ማስቲሹ ገና ይሸታል እኮ።»

«በአውሮፕላን ስለመጣ ነው።»

ስስቅ እሱም ሳቀ። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ እውነቱን ነገረኝ። ጫማው የተሰፋው ከሱቁ ጀርባ ባለች ቆርቆሮ ቤት፣ በታናሽ ወንድሙ እጅ ነው። ቆዳውም የሀገር ነው። «ታዲያ ለምን አትናገርም?» አልኩት። «የወንድሜ ሥራ ነው ካልኩ በግማሽ ዋጋ ስጠን ይላሉ። ጣሊያን ሲሆን ማንም አይደፍረውም።» ጎናችን ቆሞ ይህን የሰማ ሌላ ገበያተኛ፣ ሲያገላብጠው የነበረውን ጫማ ቀስ ብሎ መደርደሪያው ላይ መለሰና ወጣ። ላይተሩን ደግሞ አየሁት፤ የቻይና ነው። የሀበሻ ቆዳ ጣሊያናዊ ተብሎ፣ እውነተኛነቱ በቻይና እሳት ይመሰከርለታል።

እነዚህ ሰዎች በሰው ስም የሚሸሸጉት ሥራ ስለማይችሉ አይደለም። በ1990ዎቹ መጀመሪያ የቻይና ጫማ መርካቶን ሲያጥለቀልቀው ብዙዎቹ መዶሻቸውን አስቀምጠው ነበር። ገዢው በቅርጹና በዋጋው ተማርኮ ሄደባቸው። ክረምት ሲገባ ግን የአዲስ አበባ ጭቃ ሶሉን አስቀርቶ ባለጫማውን ብቻ ወደ ቤቱ ይሸኝ ጀመር። ሠሪዎቹ በዚህ መሀል የመጣውን ጫማ እየፈቱ ቅርጹን ተማሩና ገበያውን መልሰው ያዙት። መፈክር ያሰማላቸው አልነበረም። ኋላ ነገሩ ጭራሽ ተገለበጠ፤ ጥር 2004 ዓ.ም. ሁዋጂያን የተባለው የቻይና ኩባንያ ዱከም ላይ ፋብሪካ ከፍቶ ለአሜሪካ ሴቶች ጫማ ማሰፋት ጀመረ። እንግዲህ መርካቶ ላይ ኢትዮጵያዊ የጣሊያን ጫማ ሲሰፋ፣ ዱከም ላይ ቻይናዊ የኢትዮጵያ ጫማ ያሰፋ ጀመር። አባቶቻችን የሚምሉበት ዳርማርም፣ ኋላ አንበሳ ጫማ የሆነው፣ የአዲስ አበባ አርመኖች ያቋቋሙት ነበር። ለጫማ መታወቂያ ይሰጥ ቢባል የቀበሌው ጸሐፊ በብሔር መሙያው ላይ ብዕሩን ጥሎ ይወጣል።

ጫማው በውጭ ስም ሲሸሸግ፣ ልብሱ ደግሞ በሀገር ስም ይሸሸጋል። ከእንጦጦ ግርጌ ሽሮ ሜዳ ውጡና የተሰቀለውን የሀበሻ ቀሚስ ተመልከቱ። ጥለቱ ያምራል፣ መስቀሉ ያብረቀርቃል። ጠጋ ብላችሁ ስታዩት ግን ብዙው ማሽን ያተመው ፖሊስተር ነው። የጋሞ ሸማኔ እግሩን ጉድጓድ ውስጥ ሰድዶ፣ መርገጫውን እየረገጠ፣ መወርወሪያውን ከግራ ቀኝ እያመላለሰ ቀናት የሚለፋበትን ጥበብ፣ አንዱ ነጋዴ ፎቶ አንሥቶ ቻይና ልኮ በጥቅል በጥቅል ይቀበለዋል። ከዚያ ጨርቁ ሽሮ ሜዳ ተሰፍቶ፣ በሻንጣ ተጭኖ ዋሽንግተን ይገባል። እዚያ ያለች የአጎቴ ልጅ «የሀገር ቤት ነገር እኮ ሽታው ራሱ ይለያል» ብላ አቅፋ ትስመዋለች።

ልፍረድባት እንዴ? በእጅ የተሠራው ዋጋው ያስደነግጣል። ልጆቿን ሁሉ ለጥምቀት ነጭ ማልበስ የምትፈልግ እናት ኪሷን ቆጥራ የታተመውን ብታነሣ ባንዳ የሚላት ካለ፣ መጀመሪያ ልዩነቱን ከራሱ ኪስ ይክፈልላት። ለጥምቀት ያልሆነ ቀሚስ ይበጣጠስ ይባላል፤ ፖሊስተሩ ደግሞ ተረቱን እንደ ትእዛዝ ነው የተቀበለው፣ ከጥምቀት ማግሥት ጀምሮ ይተገብረዋል። ሸማኔው ራሱስ? ሳየው የእንግሊዝ እግር ኳስ ቡድን ማልያ ለብሶ ነው የሚሸምነው። የሠራውን ይልበስ ብንል አቅሙ አይችልም፤ እኛ በምንከፍለው ዋጋማ አይችልም።

ርካሽ ጨርቅ በባሕር ሲመጣበትም ይህ የመጀመሪያው አይደለም። በ19ኛው መቶ ዘመን የአሜሪካ አቡጀዲ በቀይ ባሕር በኩል ገብቶ ስንቱን አልብሷል፤ ሸማኔው ግን ዛሬም ጉድጓዱ አፍ ላይ ነው። ከአቡጀዲ ይልቅ የጎዳው የእኛ አፍ ይመስለኛል። አፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባለ እጁን በሙያው የሚሰድብ እንዳይኖር አዋጅ እስከ ማስነገር ደርሰዋል። ጃንሆይ ስድቡን ከለከሉ፤ እኛም ሕግ አክባሪዎች ስለሆንን ስድቡን ትተን ወደ ዋጋ ክርክር አዛወርነው። ለአንድ ጋቢ የምንጠራለትን ዋጋ የሰማ ሸማኔ የድሮው ስድብ ሳይሻለው አይቀርም።

ጥቅምት 2015 ላይ መንግሥት ለ38 ዓይነት ዕቃዎች የውጭ ምንዛሪ አልፈቅድም ብሎ ነበር፤ እስከ ሐምሌ 2016 ቆየ። በዚያ ሰሞን ውስኪ ጠጪ ወዳጆቼ ስለ ደብረ ብርሃን አረቄ ጥራት በስሜት ሲናገሩ ሰምቼ የሀገር ፍቅር በግድም እንደሚመጣ ተረዳሁ። ክልከላው ሲነሣ ፍቅሩም አብሮ ተነሣ።

ሁሉም የሀገር ይሁን የሚል ጽንፈኛም አይደለሁም። ቡናችንን የምንጠጣበትን ሲኒ ገልብጣችሁ ቂጡን ብታነቡ የት እንደተሠራ ይነግራችኋል፤ እኔ ካወቅኩት ጀምሮ መጤ ነው፣ ማንም ቅር ብሎት አያውቅም። ፕላስቲክ ቄጤማ ላይ ግን እጄን አጥፌ እቆማለሁ። ደጃችን የሚበቅል፣ ለበዓል ተነጥፎ በነጋታው የሚጠረግ ሣር፣ ውቅያኖስ ተሻግሮ በዶላር ይገባል! ጥቅሙን ስጠይቅ «አይደርቅም» ተባልኩ። ቄጤማ ካልደረቀ በዓሉ ማለቁን በምን እናውቃለን?

አክስቴ ይህን ሁሉ ፍልስፍና አታውቅም። እሷ ያላት የክብሪት ቀፎ ነው። ለፋሲካ ቀሚስ ልትገዛ ሽሮ ሜዳ አብሬያት ወጣሁ። ወጣቱ ነጋዴ «ይግቡ እናቴ፣ ንጹሕ የእጅ ሥራ ነው!» ብሎ አንዱን ዘረጋላት። መጀመሪያ ገለበጠችው። ፊቱ ደምቆ ጀርባው ገርጥቷል፤ በእጅ የገባ ጥለት እንዲህ አይገረጣም። ከዚያ ከጫፉ አንድ ክር መዘዘችና ክብሪቷን ጫረች።

«ኧረ እናቴ፣ ሱቁን ያቃጥሉብኛል!»

«ከነደደማ ጥጥ ነው፤ ምን ያስፈራሃል?»

ጥጥ እንደ ወረቀት ነድዶ ለስላሳ አመድ ይሆናል። የልጁ ክር ግን ተኮማተረ፣ ቀለጠ፣ ጠንካራ ጥቁር እንክብል ሆኖ ቀረ። አክስቴ እንክብሏን መዳፉ ላይ አኖረችለት። «ልጄ፣ ይሄ እኮ ላስቲክ ነው።»

ልጁ አንገቱን ደፍቶ ከባንኮኒው ሥር በጋዜጣ የተጠቀለለ አወጣ። ሲፈታው እኔም አወቅኩት፤ ከበድ ያለ፣ ክሩ እዚህም እዚያም ጎርበጥ የሚል፣ የሰው እጅ ያለበት። ለምን እንደማይሰቅለው ብጠይቀው «ይሄን ብሰቅል ሰው ዋጋውን ጠይቆ ተቆጥቶ ይወጣል፤ የሚሰቀለው የሚሸጠው ነው» አለኝ። አንዱ ጓዳ ሠርቶ በጣሊያን ስም ይሰቅላል፣ ሌላው የሀገሩን ሥራ ባንኮኒ ሥር ደብቆ የቻይናውን በሀገር ስም ይሰቅላል፤ ሁለቱም እኛን አይተው ነው።

አክስቴ ዋጋውን ስትሰማ ተቆጣች። አልወጣችም ግን፤ ወንበር ስቦ አስቀመጣት። እሷ የሸማኔውን ድካም እያደነቀች ዋጋ ትቀንሳለች፣ እሱም እድሜዋን እየመረቀ እንቢ ይላል። ፀሐይዋ አናታችን ላይ ስትደርስ ተስማሙ። ገንዘቡን ቆጥራ ከሰጠች በኋላ፣ ያቺን መጀመሪያ የተዘረጋችውን፣ ጫፏ የተጠበሰውን ደግሞ አነሣች። «ይቺንስ በስንት ትተዋታለህ?»

«አክስቴ! ላስቲክ ነው ብለሽ አልነበረም?»

«ነው እንጂ። ለምራቴ ናት።»

«ብታውቅብሽስ?»

«ከየት ታውቃለች? ክብሪት አትይዝ።»