ከሰለ እንጂ መቼ ከሰረ!

«ከቆሻሻ ካታሊስት ይሠራል?» ብሎ ሳቀ አሉ አዋቂው። ሳቅ ወንድሜ፣ ሳቅ! ጥርስህ አየር ያግኝ። ጭንቅላትህ እንደሆነ ሞልቶታል።

«ካታሊስት ማለት ፓላዲየም ነው፣ ፕላቲነም ነው» ይላል ደግሞ። ውድ ወንድማችን፣ ውድ ሁሉ ደግ መሰለህ? ካታሊስት እኮ ሽማግሌ ነው፤ ያጋባል እንጂ አይጋባም። ሃይድሮጅንን ከሌላው ጋር አገናኝቶ እሱ እንደገባ ይወጣል። አንተ ሽማግሌ የምትመርጠው በካባው ነው?

ታሪክም አልነካካህ። ፈረንሳዊው ፖል ሳባቲዬ እ.ኤ.አ. በ1912 የኖቤል ሽልማት የተካፈለው በምን መሰለህ? ሃይድሮጅንን በደቀቀ ኒኬልና በመሰሎቹ አማካይነት እያጋባ ነው። ኒኬል! ሳንቲም የሚመታበት! ጀርመናዊው ቪልሄልም ኖርማን ፈሳሽ ዘይት የሚያረጋበት ዘዴም በ1902 ተመዘገበ። ዘይቱ ረጋ፤ አንተ ብቻ አልረጋህም።

አሁን ወደ ቆሻሻው። ጀርመን፣ ሮስቶክ፣ የላይብኒትዝ የካታሊሲስ ተቋም። የማቲያስ ቤለር ቡድን ከሽሪምፕና ከሸርጣን ቅርፊት የሚወጣውን ካይቶሳን ወሰደ። የኮባልት ጨው ቀላቀለበት፣ አደረቀው፣ 700 ዲግሪ አካባቢ አከሰለው። ኦክስጅን ግን ዝር አላለም፤ ዝር ቢልማ ቡድኑ አመድ አፋሽ ሆኖ ይቀር ነበር። የወጣው ጥቁር ዱቄት ነው። ቅርፊቱ ከሰለ እንጂ አልከሰረም! ምሥጢሩ ናይትሮጅን ነው። ካይቶሳን ውስጥ አለ፤ ሲከስልም ከፊሉ ካርቦኑ ላይ ይቀርና ኮባልቱን ጨብጦ ይይዘዋል። ዱቄቱ ሃይድሮጅን ሲያገኝ በሌላ ሞለኪውል ላይ ያለውን፣ ናይትሮ የሚባለውን ክፍል ወደ አሚን ይለውጣል። አሚን ምን ያደርጋል እንዳትለኝ። አንተን ሰምቼ ራሴን ሲያመኝ የምውጠው ፓራሲታሞል የሚሠራው በአሚን በኩል ነው።

ፓላዲየምህ ጉልበታም ነው፣ ማን ካደ? ግን አጠገቡ ድርብ ትስስር ካየ እጁን መሰብሰብ ያቅተዋል። ኮባልቱ ናይትሮውን ለውጦ ሌላውን ብዙ ጊዜ አይነካም። ጨዋ ነው። ስለ ጨዋነት ካንተ ጋር ብዙ አላወራም።

«ኮባልቱስ ከየት መጣ? ሙቀትና ግፊትስ ይፈልግ የለም?» ኧረ አሁን ገና አሰብክ! ኮባልት ከቅርፊት አይወጣም፤ ከዓለም ኮባልት ከግማሽ በላይ የሚቆፈረው ዴሞክራቲክ ኮንጎ ነው፣ ከነጣጣው። ተራውን ብረትም የሚሞክሩት ለዚሁ ነው። የሙቀቱን ነገር ግን ካንተ አልሰማም። አንተ ሦስት ስኒ ቡና ሳትጠጣ መች ነቅተህ ታውቃለህ?

ቡና ካልን አይቀር፣ ጅማ መፈልፈያው ደጅ ገለባው ይቆለላል። አንዷ የካፌይን ሞለኪውል አራት ናይትሮጅን አላት፤ ገለባውም ካፌይን አያጣም። ካታሊስት ይወጣዋል አይወጣውም፣ ቤተ ሙከራ ይፍረደው። አንተ ግን ገለባ ሲባል እንዲህ የተቆጣህ፣ ዘመድ ተነካብኝ ብለህ ነው?

እናንተ የኬሚስትሪ ልጆች፣ የመመረቂያ ርዕስ ካጣችሁ አንድ ጆንያ ገለባ አንሡና ሞክሩት። እሱን ግን ይዛችሁ እንዳትገቡ፤ የደረሰበትን ሁሉ ያዘገያል።