የተማረ ወይን

ወገኖቼ፣ በተለይ እናንተ ዝናብ ሊመጣ ሲል ጉልበታችሁ ቀድሞ የሚነግራችሁ እኩዮቼ፣ ዘንድሮ ያላየነው ምን ቀረ? እኔ በሰኔ 27 ጎድን ስልክ ሲደውል አይቻለሁ።

ቀኑ የአሜሪካኖቹ የነጻነት በዓል ነው፤ «ጁላይ ፎር» ይሉታል። በኛ መድኃኔዓለም ነው። አገር ቤት ቢሆን ይኼኔ ሰማዩ ጠቁሮ፣ ጋቢ ተከናንበን፣ ቆሎ እየቆረጠምን ነጎድጓድ የምናዳምጥበት ሰዓት ነው። እዚህ ቨርጂኒያ ግን ሙቀቱ በነሱ አቆጣጠር 95 ገብቶ፣ ሰው ሁሉ ጓሮ ወጥቶ በላዩ ላይ እሳት ያነዳል። ፀሐዩ አልበቃ ብሎት!

አማቼ «ጋሼ፣ እርስዎ ብቻ አረፍ ይበሉ» ብሎ የፕላስቲክ ወንበር ላይ አስቀመጠኝ። ግሪሉ አልጋ ያህላል፤ ጎማ አለው፤ የሚነደው በጋዝ ነው። ጎድኑን ደረደረና አንዱ ላይ ቀጭን ሽቦ ሰክቶ፣ ክዳኑን ከድኖ፣ ሄዶ ቁጭ አለ። ቁጭ አለ! የሚያገላብጥ የለ፣ የሚያራግብ የለ። ቆየት ብሎ ኪሱ ውስጥ ስልኩ ጮኸ። «ማነው?» ብለው «ጎድኑ ነው ጋሼ፣ ደርሷል» አለኝ። እንግዲህ አስቡት፤ ካሊፎርኒያ ያለው ወንድ ልጄ በወር አንዴ አይደውልልኝም፤ የሞተ በሬ ግን ይደውላል።

ከሰልማ ድሮ ቀረ። እዚህ ከሰል የሚሉትን አይቼዋለሁ፤ እንደ ትራስ የተጠፈጠፈ፣ አንዱ ካንዱ የማይለይ ነገር ነው። ሄንሪ ፎርድ እ.ኤ.አ. በ1920ዎቹ ከመኪና ሥራ የተረፈውን የእንጨት ፍርፋሪ አሳርሮ ያስጨምቀው ነበር አሉ። ከመኪና ፋብሪካ የተወለደ ከሰል! የኛ የግራር ከሰል ሲቀጣጠል እንደ ዕጣን ነበር የሚሸተው፤ እኔ አንዴ እፍ ስለው ይነድ ነበር። ይኼን ሳወራ ባለቤቴ «አንተ ደግሞ መቼ ነው ከሰል ያቀጣጠልከው?» አለችኝ። ሰው ሲያረጅ ይረሳል፤ ምን ይደረግ።

ይኼን ሁሉ እንኳ እችለዋለሁ። ያቃጠለኝ የወይኑ ነገር ነው።

ልጄ ጠረጴዛው ላይ ጠርሙስ ደረደረች። ለዶሮውና ለቋሊማው ሮዜ አለች። ለጎድኑ ዚንፋንደል፣ ለቀዩ ሥጋ ከአርጀንቲና የመጣ ማልቤክ፣ በአዋዜ ለምንበላው ደግሞ ሪስሊንግ የሚባል ለስለስ ያለ ነጭ። እያንዳንዱ ሥጋ የየራሱ የንስሐ አባት ተመድቦለታል ማለት ነው። «አዋዜና ኃይለኛ ወይን አይገናኙም አባዬ፤ አልኮሉ ሲበዛ በርበሬው ይብሳል፤ ትንሽ ጣፈጥ ያለ፣ ቀዝቀዝ ያለ ነው የሚያበርደው» ትላለች። እንዲበርድ ቢፈለግማ መጀመሪያ በርበሬ ለምን ገባበት?

በኛ ጊዜ ወይን ሁለት ነበር፤ ቀዩ ጉደር፣ ጣፋጩ አክሱማይት። አለቀ። አንድ ጠርሙስ ጉደር አሥራ ሁለት ሰው አጥግቦ ለጎረቤት ይተርፍ ነበር። የሚሰክርም አልነበረም፤ ቢሰክር እንኳ በሥርዓት ነው፤ «ይቅርታ፣ ልወድቅ ነው» ብሎ አስፈቅዶ ነበር የሚወድቀው። የዛሬ ልጅ ሳይጠጣ በፊት ብርጭቆውን ያሽከረክራል፣ አፍንጫውን ይከትበታል፣ «እንጆሪ ይሸታል፣ ቁንዶ በርበሬ ይሸታል» ይላል። እኔ አሸተትኩት፤ ወይን ወይን ነው የሚሸተው።

ደግሞ ታኒን የሚባል ነገር አለ። ወፍራም ሻይ ስትጠጡ ምላሳችሁን ጭምድድ የሚያደርገው ነገር ማለት ነው፤ ከወይኑ ቆዳና ፍሬ ይወጣል። ሥጋና ጮማ ሲያገኝ ይለዝባል፣ አፍንም ከቅባቱ ያጥባል ብላ ልጄ ግማሽ ሰዓት አስተማረችኝ። እኔ ይኼን ያወቅሁት ጠጅ ቤት ነው! ጥሬ ሥጋውን በሚጥሚጣ አጥቅሶ ብርሌውን ለሚያነሳ ሰው፣ የጌሾው ምረት ያንኑ ሥራ ሲሠራ ኖሯል። ያኔ ግን ማንም ግማሽ ሰዓት አያወራም ነበር፤ ይጠጣል፣ ይደገማል።

ወይኑ ራሱ ጣጣው ብዙ ነው። ዚንፋንደል የካሊፎርኒያ ልጅ ነው ብለው ስንት ዘመን ሲኩራሩበት፣ እ.ኤ.አ. በ2001 ዘሩ ሲመረመር ክሮኤሽያ የባሕር ዳርቻ ላይ የሚበቅል፣ ስሙን ለመጥራት ሦስት ጥርስ የሚፈጅ ወይን ሆኖ አረፈው። ስሙን ቀይሮ የገባ ስደተኛ! እዚች ላይ ትንሽ አዘንኩለት፤ አልዋሽም። ከሱ ደግሞ ሮዝ ቀለም ያለው አለላችሁ። እ.ኤ.አ. በ1975 ናፓ ሸለቆ ውስጥ ሰተር ሆም የሚባለው ቤት ሲጠምቅ እርሾው መሥራቱን አቋርጦ ስኳሩ ሳያልቅ ቀረ። እናቴ ብትሆን ጠጇ እንዲህ ሲያቆምባት ሱባኤ ትገባ ነበር። እነሱ አሽገው ሸጡት፤ አገሩም ተሻማበት።

ከዚያ ልጄ ተነስታ ቀዩን ጠርሙስ በረዶ በሞላ ባልዲ ውስጥ ነከረችው። ቀይ ወይን በበረዶ! ደሜ ፈላ። «ሃያ ደቂቃ ብቻ ነው አባዬ፤ በዚህ ሙቀት እንዲሁ ብንጠጣው አልኮሉ ብቻ ነው አፍንጫችን ላይ የሚወጣው። አሥራ ስድስት፣ አሥራ ሰባት ዲግሪ ይበቃዋል» አለች። እኛ ቀይ ወይን በረዶ አስነክተን አናውቅም፤ ከቡፌው ላይ አንስተን ነበር የምንጠጣው አልኳት። «የአዲስ አበባ ሳሎን በክረምት እኮ ራሱ ፍሪጅ ነበር» ብላ ሳቀችብኝ። ቤታችን እንዴት ሞቅ ያለ ቤት እንደነበር ልጆች አያውቁም። ጋቢ ለብሰን፣ በላዩ ብርድ ልብስ ደርበን ስንቀመጥ ምንም አይበርደንም ነበር።

ጓደኛዋ ደግሞ ባሰች። ማሰሮ በሚያህል ማንቆርቆሪያ ወይን ገልብጣ ኮክና ብርቱካን ከትፋ ጨመረችበት። ወይን ራሱ ፍራፍሬ አይደለም እንዴ? በኛ ጊዜ ወይን ንጹሕ ነበር፤ ከኮካ ኮላ በቀር ምንም አይነካውም። አንዳንዱ በአምቦ ውሃ ይበርዘው ነበር፤ እሱ ለጤና ነው።

የልጅ ልጄስ? ቪጋን ሆኛለሁ ብላለች። ሥጋ የለ፣ ቅቤ የለ፣ እንቁላል የለ፤ እንጉዳይ ጠብሳ ትበላለች። ሳይጾሙ መጾም! ወይን ሲቀዳ «ይኼ እንቁላል አለበት?» ብላ ጠየቀች። ስቄ ሳልጨርስ እናቷ መለሰችላት፤ አንዳንዱን ወይን ለማጥራት የእንቁላል ነጭ ወይም ከዓሣ ፊኛ የሚሠራ ነገር ይጨምሩበታል። የያዝኩትን ጎድን አስቀምጬ ተነሳሁ። ወሩ ሰኔ ነው፤ የሐዋርያት ጾም ነው፤ እንዴት በጾም እንቁላል ያለበት ወይን ያጠጡናል? ሁሉም ጎድኑን አዩ፣ እኔን አዩ። የሰኔ ጾም የቄስ ጾም መሆኑን እንኳ የሚያውቅ አልነበረም። ተቀመጥኩና ጎድኔን ቀጠልኩ።

እኔም ባዶ እጄን አልመጣሁም። የእህቴ ልጅ ከአዲስ አበባ በሻንጣዋ፣ በነጠላ ጠቅልላ ያመጣችልኝን ጉደር ለዚች ቀን አስቀምጬው ነበር። ሁለት ቀን በመኪናው የኋላ ዕቃ መጫኛ ውስጥ ሰንብቷል። ሳወጣው ቡሹ ተገፍቶ አንገቱን ብቅ አድርጓል፤ ጠርሙሱ ላይ በቀይ ዕንባ ወርዶ ደርቋል፤ ስጨብጠው እንደ ሕፃን ጡጦ ለብ ይላል። አማቼ በአክብሮት ጎንጨት አድርጎ ዝም አለ። ልጄ «አባዬ፣ ይኼ እኮ ተቀቅሏል» አለች። አምና እሷው ራሷ ናት የዚህ አገር የጥንት ሹማምንት ማዴይራ የሚባል ወይን ይወዱ እንደነበር፣ ያም በመርከብ በሙቀት እየተንገላታ እንደሚጣፍጥ ያወራችልኝ። እሱን ሙቀት ካጣፈጠው የኔን ምን ያበላሸዋል? «ማዴይራ አልኮል ይጨመርበታል» አለች። ለሁሉም መልስ አላት፤ ያስተማርኳት እኔ ነኝ። ኮካ አስመጥቼ በርዤ ጠጣሁት። እንዴት ግሩም ነበር መሰላችሁ፤ አንድ ብርጭቆ በቃኝ።

ነጻነቱን የጻፈላቸው ጄፈርሰን እንኳ፣ እዚሁ ቨርጂኒያ ሞንቲሴሎ ላይ ስንት ዓመት የአውሮፓ ወይን ተክሎ ጠብ ያለለት የለም። ተክሎ ስል በባሮቹ እጅ አስተክሎ ማለቴ ነው፤ የነጻነቱ ነገር እንዲህ ነው። ሲያቅተው ግን እንደ ዛሬ ሰው አልተፈላሰፈም፤ ከፈረንሳይ አስጭኖ ጠጣ።

መሸና ርችት መተኮስ ጀመሩ። ውሻው አልጋ ሥር ገባ፤ እኔም ከሱ ጋር ብገባ ደስ ይለኝ ነበር። ሁሉም አንገቱን ወደ ሰማይ ሲያቀና፣ ባልዲው ውስጥ የዚንፋንደሉ ትራፊ ብቻውን ቀርቷል። የስደተኛ ነገር ሆዴን አላስችል ብሎኝ ቀዳሁት። ከቀዘቀዘው ጎድን ጋር፣ ጥፍጥናውን ላጣራ ብዬ ነው። ደግሜ አጣራሁ። ጠርሙሱ ሲያልቅ ልጄን ጠርቼ፣ ሌላ ጊዜ እንዳልሳሳት የወይኑን ስም በወረቀት ጻፊልኝ አልኳት። «እንዳትገዛው ነው?» አለችኝ። አዎ፣ እንዳልገዛው ነው። ብቻ ሐምሌ 5 የሐዋርያት ጾም ይፈታልና፣ ለዚያ ቀን ሁለት ጠርሙስ አንቺ ግዥልኝ አልኳት፤ ሃያ ደቂቃዋንም እንዳትረሺ።