በላ ልበልሃ በእድር ድንኳን

በሰፈራችን እድር መተዳደሪያ ደንብ ውስጥ ለቅሶ ቤት የቀረ፣ ድንኳን ሲተከል ያልተገኘ፣ የእድሩንም ብርጭቆ የሰበረ ሰው ምን ያህል እንደሚቀጣ በአንቀጽ በአንቀጽ ተዘርዝሮ ተጽፎአል፤ በለቅሶ ቤት ተቀምጦ ስለ መኪና በመሟገት ሐዘንተኛ ያስደነገጠ ሰው ግን ቅጣቱ ስንት እንደ ሆነ ከእኔና ከመሪጌታ በፊት የጠየቀም የተጠየቀም አልነበረምና፣ አንቀጹ በእኛ ምክንያት ተወለደ ብል ትዕቢት አይሆንብኝም።

መሪጌታ ስል አንባቢ በቤተ ክህነት መዓርግ የተቀበሉ ሊቅ እንዳይመስሉት አስቀድሜ ላስታውቅ። በልጅነታቸው አባይን ተሻግረው ጎጃም ቅኔ ቤት የገቡ፣ ጉባኤ ቃናውን ጨርሰው ዘአምላኪየ ላይ ሲደርሱ በጎጆው ብርድና በመንደሩ ውሾች ብዛት ተማርረው ወደ አስኳላ የተመለሱ፣ ከዚያም ዕድሜያቸውን በሒሳብ ሠራተኛነት ፈጽመው ጡረታ የወጡ ጎረቤቴ ናቸው፤ መሪጌትነቱን የሾማቸው ሰፈሩ ነው። ከቅኔ ቤት ይዘውት የተመለሱት አንድ ሀብት ቢኖር የሰው ንግግር ገና ከአፍ ሳይወጣ ስሕተቱን የማየት ተሰጥዎ ነው፤ ይህም ተሰጥዎ ከሌላው ሰው ይልቅ በእኔ ላይ ይበረታል።

ያን ዕለት ማታ ለቅሶው ሦስተኛ ቀኑን ይዞ ነበር። በሦስተኛው ቀን እንባው እየደረቀ ወሬው ይለመልማልና፣ ጐልማሶቹ ከድንኳኑ ጥግ ካርታቸውን ሲጫወቱ፣ እኛ ሽማግሌዎቹ ደግሞ በአግዳሚው ላይ ተደርድረን የንፍሮውን ሳሕን እያዞርን፣ ባቄላውን ከስንዴው እየለየን እንቅም ነበር። ነገሩ የተጀመረው በሽንኩርት ነው። አንዱ ሽንኩርት ተወደደ አለ፤ ሁለተኛው የተወደደው ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ ለገበያ ከተለቀቀ ወዲህ ነው አለ፤ ሦስተኛው፣ የለም፣ ነገሩ የነዳጅ ነው አለ፤ ነዳጅ ሲነሣ መኪና ተነሣ፤ መኪና ሲነሣ እኔም ተነሣሁ።

እዚህ ላይ የለቅሶ ቤት ፖለቲካ የራሱ ሥርዐት እንዳለው ሳልጠቅስ ባልፍ ያልለመደ ሰው ይሳሳታል። በድንኳናችን ውስጥ የአሜሪካን ምርጫ ያለ አንዳች ፍርሃት፣ ድምፅን ከፍ አድርጎ፣ እያንዳንዱን ግዛት በስሙ እየጠሩ መተንተን የተፈቀደ ነው፤ ስለ ወረዳችን ውኃና መንገድ የሚነጋገር ግን ወደ ጐኑ ያለውን ሰው ካየ በኋላ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ ነገሩን በሰምና ወርቅ ጠቅልሎ ያቀርበዋል፤ ሰሙን ሁሉም ይሰማል፤ ወርቁን የፈለገ ይወስዳል፤ ክስ የመጣ እንደ ሆነም ተናጋሪው ሰሙን ይዞ ያመልጣል። መኪና ግን ለሁለቱም የማይመች ጕዳይ ነው፤ ለመጮኽ የአሜሪካን ምርጫ ያህል ይጣፍጣል፤ ለማንሾካሾክ ደግሞ የወረዳውን ያህል ይቀርባል።

እኔ፣ በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪናዎች ወደ አገር እንዳይገቡ በ2016 ዓ.ም. መከልከላቸው እጅግ ርቱዕ አሳብ ነው ብዬ ጀመርኩ። ነዳጅ ከባሕር ማዶ በዶላር ይገዛል፤ ኤሌክትሪኩ ግን የገዛ ውኃችን ነው፤ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. የተመረቀው ግድብ 13 ተርባይኖች ያሉት፣ 5,150 ሜጋ ዋት ለማመንጨት የተሠራ ነው እያልኩ፣ ቍጥሩን በሙሉ ድምፄ አወረድኩት። ቍጥር በለቅሶ ቤት ትልቅ ግርማ አለው፤ ካርታ ተጫዋቾቹ እንኳ ለጥቂት ጊዜ ዘወር ብለው አይተውኛል።

መሪጌታ ባቄላቸውን አላምጠው ከጨረሱ በኋላ፣ «እሺ፣ ይሁን» አሉ። «ወደ ደብረ ማርቆስ ስትሄድ ጎሐ ጽዮንን አልፈህ፣ ድልድዩን ተሻግረህ፣ የአባይን በረሃ ዳገት ስትያያዘው ባትሪው ቢያልቅብህስ? ኤሌክትሪኩ የሚወጣበት ውኃ ከሥርህ እየፈሰሰ አንተ መኪናህን ትገፋለህ ማለት ነው?»

ድንኳኑ ሳቀ። በለቅሶ ቤት የሚሳቅ ሳቅ በጋቢ የታፈነ ስለ ሆነ ከሌላው ሳቅ ይልቅ ያማል። እኔም ተቈጥቼ ወደ ታሪክ ሸሸሁ፤ በ1900 ዓ.ም. ቤንትሌይ የተባለው እንግሊዛዊ የመጀመሪያውን መኪና ለዳግማዊ ምኒልክ ይዞ ሲመጣ መንገድ የሚባል ነገር ሳይኖር መግባቱን፣ ስልክም በቤተ መንግሥቱ በገባ ጊዜ ካህናቱ የሰይጣን ሥራ ነው ብለው መቃወማቸው እንደሚተረክ፣ ነገር ግን ዛሬ የእነዚያ ካህናት የልጅ ልጆች ስብከታቸውን በዚያው በስልክ እንደሚያሠራጩ አስረዳሁ። መሪጌታ ጥቂት አሰቡና፣ «ካህናቱ አልተሳሳቱም፤ መቶ ዓመት ቸኰሉ እንጂ» አሉ። ይህንንም ሲሉ ዐይናቸው ከእኔ ላይ ሳይሆን፣ ከድንኳኑ ምሰሶ ተደግፎ በስልኩ ውስጥ የሚጨፍሩ ልጃገረዶችን ያለ ድምፅ ይመለከት በነበረው የልጅ ልጃቸው ላይ ነበር።

ከዚህ በኋላ ነው ነገሩ ከጨዋታ ወደ ሙግት የተሻገረው። መሪጌታ ብድግ አሉ፤ ጋቢያቸውን በትከሻቸው ላይ ጣል አድርገው፣ ከዘራቸውን ወደ እኔ ዘርግተው፣ «በላ ልበልሃ!» አሉኝ።

በቀድሞው ዘመን ከሣሽና ተከሣሽ ኩታቸው ጫፍ ለጫፍ ተቋጥሮ፣ ሹም ባይገኝ መንገደኛውን ዳኛ አድርገው ይዘው፣ በማር፣ በበቅሎ፣ በፈረስ እያሉ እየተወራረዱ ይሟገቱ ነበር፤ የተረታውም ውርርዱን ለዳኛው ይከፍላል። እንግዲህ አፍ የከፈተ ሁሉ ከአፉ ጋር በቅሎውን ይከፍት ነበርና ንግግሩ ይጣራል፤ የተከራካሪዎቹም ልብስ የተቋጠረ ስለ ሆነ ተቈጥቶ መሄድ አይቻልም። የዛሬው ክርክራችን ግን እነሆ፣ የእኛን ዘመዶች ብንመለከት፣ አንዱ አዲስ አበባ፣ አንዱ ቨርጂንያ ሆነው በቴሌግራም እስከ እኩለ ሌሊት ሲወቃቀሱ ያድራሉ፤ ዳኛ የለም፤ ማር የለም፤ ነገሩ ሲከፋም አንዱ «ከግሩፑ ወጥቷል» ተብሎ ይጻፋል፤ በዘመኔ «ተረታሁ» ብሎ የወጣ ግን አንድም አላየሁም።

እኔም በአንድ ኪሎ ማር ተወራረድኩ። ዳኛ ሲፈለግ ያ የልጅ ልጃቸው ከስልኩ ቀና ብሎ፣ «ለምን ሰው ሠራሽ አስተውሎትን አንጠይቀውም?» አለ። ተስማማን። እኔ፣ «ነዳጅ በዶላር ለምትገዛና የውኃ ኀይል ለሞላት አገር የኤሌክትሪክ መኪና አይሻልም ወይ?» ብዬ አስጻፍኩት፤ ማሽኑ ጥያቄዬ እጅግ የበሰለ መሆኑን ካመሰገነ በኋላ ለእኔ ፈረደ። ማሩ በዐይኔ ላይ መጣ። መሪጌታም በተራቸው፣ «ባትሪ መሙያ በየመንገዱ በሌለበት አገር ረጅም ዳገት ለሚወጣ ሰው የነዳጅ መኪና አይታመንም ወይ?» ብለው አስጻፉ፤ ማሽኑም ጥያቄያቸው እጅግ የበሰለ መሆኑን አመስግኖ ለእርሳቸው ፈረደ።

«ይህስ አንድምታ የተማረ ነው» አለ አንድ ሰው ከኋላ።

«አንድምታን አትስደብ» አሉ መሪጌታ። «አንድም ብሎ የሚተረጕም መምህር ሁለተኛውን ትርጓሜ ሲያመጣ የፊተኛውን አይክድም። ይህ ሌባ ሻይ ነው። ለብላቴናው መድኀኒት ያጠጡታል፤ ራሱን ሲስት በወገቡ ባለው መታጠቂያ ይዘው ይከተሉታል፤ ተንገዳግዶ የወደቀበት ደጅ ባለቤት ሌባ ነው ይባላል። ብላቴናው ምን ያውቃል? ያጠጣውን ሰው ጠይቁ እንጂ!»

በዚህ ጊዜ የተነሣው ሳቅ በጋቢ የሚታፈን አልነበረም። እኔም ለራሴ ክብር ስል፣ ሌባ ሻይና ሳይንስ አንድ አይደሉም ብዬ በኀይል ጮኽሁ። ከቤት ውስጥ የነበሩት ሴቶች ሳቁን ሳይሆን ጩኸቱን ብቻ ሰምተው ሌላ መርዶ የመጣ መስሏቸው ዋይታውን እንደ ገና አነሡት፤ ሐዘንተኛይቱ ባዶ እግሯን ወደ ድንኳኑ ወጣች። ያን ጊዜ የተሰማኝን እፍረት ልጽፈው አልችልም።

የእድራችን ዳኛ ብዙ የማይናገሩ ሰው ናቸው። ተነሥተው፣ «በሕግ አምላክ፣ ሁለታችሁም መቶ መቶ ብር» አሉና ተቀመጡ። ጸሐፊው መዝገቡን ገለጠ። እኔ ማንንም ሳልጠብቅ፣ የዘመኑ ሰው መሆኔን ላስመሰክር፣ «የገንዘብ ያዡን ቍጥር ንገሩኝ፤ አሁኑኑ በስልክ እልካለሁ» ብዬ ስልኬን አወጣሁ። መስተዋቱ ጥቍር ነበር። ብጫነው ብጫነው፣ በቀይ መስመር ባዶ ባትሪ አንዴ አሳይቶኝ ተመልሶ ጠፋ።

መሪጌታ አንድም ቃል አልተናገሩም። ከደረት ኪሳቸው መሐረብ አወጡ፤ ቋጠሮውን በጥርሳቸው ፈቱ፤ የታጠፈ ሁለት መቶ ብር ቈጥረው ለጸሐፊው ሰጡ፤ ደረሰኙንም በሁለታችን ስም አስጻፉ። ከዚያ የኩታዬን ጫፍ ሳብ አድርገው ከጋቢያቸው ጫፍ ጋር ቋጠሩትና፣ «ባለ ዕዳ ከአበዳሪው ጋር ቁራኛ ነው፤ ቤትህ ደርሰን ስልክህን እስክትሰካ አብረን እንሄዳለን» አሉኝ።

ካርታ ተጫዋቾቹ እያዩን እንዲያ ተቋጥረን ወጣን። ጎርፍ የቦረቦረውን መንገድ ሲዘሉ እየዘለልኩ፣ ሲቆሙ እየቆምኩ ደጄ ደረስን። ሰፈሩ በሙሉ ጨለማ ነበር፤ መብራት ከሄደ ሰዓት አልፎታል። መሪጌታ የኩታዬን ጫፍ ሳይለቁ በሬ ላይ ካለው ድንጋይ ተቀመጡና፣ «ግድ የለም፣ እስኪመጣ እንጠብቃለን» አሉ፤ «እስከዚያው እነዚያን ተርባይኖች ደግመህ ቍጠርልኝ።»