ሩጫውስ ይቻላል፣ መቆሙ ነው እንጂ

አሜሪካ ውስጥ ሐበሻ ሳያመለክት የሚሰጠው አንድ ማዕረግ አለ፤ ሯጭነት። እኔ አውቶቡስ እንኳ ሮጬ የማልይዝ ሰው ነኝ። ግን «ከየት ነህ?» ለሚለኝ «ከኢትዮጵያ» ስል የጠያቂው ዓይን ወዲያው ወደ እግሬ ይወርዳል። ቀና ሲል ሆዴን ያይና ነገሩ ይምታታበታል። ቢሆንም ማዕረጉን መልሼ አላውቅም። ኃይሌ በ2000 ሲድኒ ላይ ፖል ቴርጋትን በ9 መቶኛ ሰከንድ የቀደመበትን ሩጫ፣ ከኋላቸው ሦስተኛ የወጣሁ ያህል ነው የምተርከው።

እዚህ ሜሪላንድ ልጄ ፍላግ ፉትቦል ስትጀምርም፣ አሰልጣኟ አገራችንን ሲሰማ «እንግዲህ ፍጥነት መጣልን» ብሎ ፈነደቀ።

ጨዋታው የአሜሪካ ፉትቦል ነው፤ ሰው መጣል ግን የለበትም። አምስት ለአምስት ሆነው፣ ወገባቸው ላይ በግራና በቀኝ ጨርቅ የተንጠለጠለበት ቀበቶ ታጥቀው ይጫወታሉ። ኳስ የያዘችውን ለማስቆም አንዱን ጨርቅ መንጠቅ ይበቃል። ባለኳሷ ጨርቋን በእጇ ብትከልል ደግሞ ቅጣት አለባት፤ ማምለጫዋ ቅልጥፍናዋ ብቻ ነው። ከአዲስ አበባ ልትጠይቀን የመጣችው እናቴ ሜዳው ዳር ቁጭ ብላ ስታይ ቆየችና «ምነው ልጄ፣ እነዚህ ልጆች የሰው መቀነት የሚፈቱት? ብር ተቋጥሮበታል እንዴ?» አለችኝ። እስካሁን ከዚህ የተሻለ ማብራሪያ አልሰማሁም።

እኔ ለአሰልጣኙ የአገሬን ምክር አልነፈግሁትም። «ጠዋት ጠዋት ረጅም አስሩጣት፤ ሳንባዋ ይከፈታል» አልኩት። ሳንባዋን አመስግኖ ወደ ኮኖቹ ወሰዳት።

ሦስት ኮኖች በአምስት አምስት ያርድ ርቀት ተደርድረዋል። ከመሃለኛው ተነስተሽ 5 ያርድ ወደ ቀኝ፣ መሬት ነክተሽ 10 ያርድ ወደ ግራ፣ እንደገና ነክተሽ 5 ያርድ ወደ መሃል። ድምሩ 20 ያርድ ነው። ለ10,000 ሜትር ሕዝብ ይህ ጫማ ፍለጋ እንጂ ሩጫ አይባልም። ነገር ግን ትልቁ የአሜሪካ ፉትቦል ሊግ ኤንኤፍኤልም አዳዲስ ተጫዋቾችን የሚፈትነው በዚችው ነው፤ ምክንያቱም ሚስጥሩ ያለው ሁለቱ መታጠፊያዎች ላይ ነው። በፍጥነት የመጣ ሰው ወደ ኋላ ለመመለስ መጀመሪያ መቆም አለበት። ለመቆም ደግሞ ከመድረሱ በፊት እርምጃውን ማሳጠር፣ ጉልበቱን ማጠፍ፣ ወገቡን ዝቅ ማድረግ ይኖርበታል። ቀጥ ብሎ የመጣ፣ ቀጥ እንዳለ ያልፋል። ስለዚህ አሰልጣኙ ሲጮህ የሚውለው «ሩጪ!» እያለ ሳይሆን «ቁሚ!» እያለ ነው። «ቁሚ»ን እኮ እኔም ቤት ውስጥ በነፃ እላለሁ!

ነገሩን ሳሰላስል ግን የእኛ ሰዎች ጉዳይ ታየኝ። 10,000 ሜትር 25 ዙር ነው፤ መታጠፊያው ሁሉ ወደ ግራ። ደራርቱ በ1992 ባርሴሎና፣ ኃይሌም፣ ቀነኒሳም ወርቃቸውን ያጠለቁት አንድም ጊዜ ወደ ቀኝ ሳይታጠፉ ነው። ፖለቲካችንም ቢሆን፣ ያ ትውልድ ወደ ግራ እንደታጠፈ ነው የሮጠው። እንግዲህ ይህችን ልጅ ከየት አምጥቼ ቀኝ ላስተምራት?

ሌላው የከበደኝ ዕረፍቱ ነው። ጥቂት ሰከንድ ይሮጡና ትንፋሻቸው እስኪመለስ ይቆማሉ። «ደክሞት የሚሮጥ ሰው ፍጥነት አይለማመድም፤ ድካምን ነው የሚለማመደው» ይላል አሰልጣኙ። ይህን ትምህርት ከሁሉ አብልጬ ወደድኩት። ሣር ሳጭድም አንድ መስመር ሄጄ በደንብ አርፋለሁ። ባለቤቴ ግን በስፖርት ሳይንስ አታምንም።

መሬት ላይ በተዘረጋው የገመድ መሰላል ልጆቹ ቱክ ቱክ ሲሉ ወላጅ ሁሉ ስልኩን አውጥቶ ይቀርጻል። እግር ያፍታታል፤ ግን መሰላል ከቦታው አይነቃነቅም፣ ባላጋራ ይነቃነቃል። እውነተኛው ቅልጥፍና እግር ዓይን ላየው ነገር ሲታዘዝ ነው። ስለዚህ አሰልጣኙ ሁለት ሁለት አድርጎ ፊት ለፊት ያቆማቸዋል፤ አንዷ እንዳሻት ትወናጨፋለች፣ ሌላዋ ትከተላታለች። «ዓይኗን አትዪ፣ ትከሻዋንም አትመኚ፤ ወገቧን እዪ» ይላል። ዓይንና ትከሻ ያታልላሉ፤ ገላ የሚሄደው ግን ወገብ ወደሄደበት ነው።

የሐበሻ ደም የጠቀመው እዚህ ላይ ነው፤ ያውም በእግር በኩል አይደለም። ልጄ ትከሻዋን አንዴ እስክስ ስታደርገው ተከላካይዋ ወደ ቀኝ ሄደች፤ ልጄ ወደ ግራ። እናቴ እልልታዋን አቀለጠችው። አሰልጣኙ «ይህን የት ተማረች?» ሲል እናቴ «የጎጃም ነው በለው» አለችኝ፤ ባለቤቴ «ኧረ የጎንደር ነው» አለች። ክርክሩ ጨዋታው ካለቀ በኋላም አላለቀም።

በ2028 ሎስ አንጀለስ ላይ ፍላግ ፉትቦል ለመጀመሪያ ጊዜ ኦሊምፒክ ይገባል፤ በሴትም በወንድም ስድስት ስድስት ቡድን። ቤታችን ውስጥ ያለው ቴሌቪዥን ግን አንድ ነው። እኔ 25ቱን ዙር ሳልጨርስ አልነሳም ብያለሁ፤ ልጄም «እናያለን አባዬ» ብላኛለች። ከሶፋው እስከ ሪሞቱ 5 ያርድ አይሞላም። በዚህ ርቀት ደግሞ እኔ ከመቀመጫዬ ብድግ ሳልል እሷ ሮጣ፣ ቆማ፣ ተመልሳ ጣቢያውን ቀይራዋለች።