ተማሪ ተራ፦ ስለ አንድ ሰልፍ የተደረገ ጥናት

መርካቶን የሚያውቁ ሰዎች በአንድ ነገር ይስማማሉ፤ እዚያ ሰፈር ተራ የሌለው ዕቃ የለም። ቆርቆሮ ተራ አለ፣ ሸማ ተራ አለ፣ በርበሬ ተራ አለ፣ ሳጥን ተራ አለ፤ ያረጀ ዕቃ እንኳ ምናለሽ ተራ የሚባል ማረፊያ ተሰጥቶታል። ከእነዚህ ሁሉ መካከል ደላላ ሳይቆምለት፣ ታክሲ ረዳት ስሙን ሳይጠራለት የቀረ አንድ ተራ አለ። ከሰኞ እስከ ዓርብ፣ ከጠዋቱ 2 ሰዓት ግድም፣ በአንድ የካቶሊክ ትምህርት ቤት ግቢ ውስጥ ይቆማል። ሃያ ደቂቃ እንኳ ሳይሞላው ይበተናል። ሸቀጡ ልጅ ነው። የዚህ ጥናት ዓላማ ይህን ተራ፣ ማለትም ተማሪ ተራን፣ ከእህት ተራዎቹ ጋር ማስተዋወቅ ነው።

የትምህርት ቤቱ ስም አይጠቀስም። አንደኛው ምክንያት የምርምር ሥነ ምግባር ነው። ሁለተኛው ከጽሑፉ መጨረሻ አካባቢ ይገለጣል።

ስለ አመጣጡ ጥቂት እንበል። መርካቶ የሚለው ስም ጣሊያን ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. በቆየበት ጊዜ ያተረፍነው ነው፤ የአራዳውን ገበያ ከጊዮርጊስ አካባቢ አንስቶ ወደ ምዕራብ ገፋውና ለአገሬው ሰው ብሎ ለየው። ጣሊያን ሄደ፣ ገበያው ቀረ። ሰልፉን ግን ጣሊያን አላመጣውም። ነገሩ ወደ ፈረንሳይ ይወስደናል። ዣን ባፕቲስት ደ ላ ሳል የተባሉ ቄስ (1651–1719 እ.ኤ.አ.) ለድሃ ልጆች ትምህርት ቤት ሲከፍቱ፣ ልጆቹ በአንድ ክፍል ተደርድረው አንድ ትምህርት በአንድ ጊዜ እንዲማሩ አደረጉ። አዲስ አበባ ላይ የቅዱስ ዮሴፍን ትምህርት ቤት የያዙት ካቶሊክ ወንድሞች የእሳቸው የመንፈስ ልጆች ናቸው። አንድ ትምህርት በአንድ ጊዜ መማሩ ዛሬ የሚያስገርም አይመስልም። የኔታ ዘንድ ፊደል ለቆጠረ ሰው ግን ያስገርማል፤ እዚያ አንዱ ሀሁ፣ ሌላው አቡጊዳ፣ ሦስተኛው ዳዊት ላይ ሆኖ ሁሉም ባንዴ ይጮኻል፤ የኔታም ዓይናቸውን ጨፍነው የተሳሳተውን ለይተው ያውቃሉ። ደ ላ ሳል ጩኸቱን አስወገዱ። መምህሩ ራሱ እንዳይለፈልፍ ቀጭ የምትል የእንጨት መሣሪያ በእጁ ሰጡት፤ አንዴ ሲያስጮኻት ልጁ ማንበቡን ያቆማል፣ እንደገና ሲያስጮኻት የተሳሳተውን ይደግማል።

በጥናታችን ቦታ የዚያችን መሣሪያ ሥራ የሚሠራው የመኪና ቸርኬ ነው። ከዛፍ ላይ ተንጠልጥሏል። ከየት እንደመጣ የጠየቅነው ዘበኛ ‘ከመኪና’ ሲል መልሷል። ቸርኬው በብረት ሲመታ ድምፁ ጥሩ ነው፤ ችግሩ ቆርቆሮ ተራ ቅርብ መሆኑ ነው። እዚያ ከንጋት ጀምሮ በርሜልና ቆርቆሮ ይቀጠቀጣል። በዚህ የተነሳ አርፋጅ ሁሉ አንድ ዓይነት መከላከያ ያቀርባል፤ ‘ቲቸር፣ ደወሉን ከቆርቆሮው መለየት አቃተኝ።’ መከላከያው ከሳይንስ አንጻር እንከን የለበትም። ተቀባይነት አግኝቶ ግን አያውቅም።

ሰልፉ ራሱ የሚመራው በወታደር ቋንቋ ነው። ተጠንቀቅ ይባላል፣ አሳርፍ ይባላል፤ እጅ ከፊት ባለው ልጅ ትከሻ ላይ ተዘርግቶ ርቀት ይለካል፤ አጭር ከፊት፣ ረጅም ከኋላ። ከኋላ የሚቆም ልጅ በዚህ ምክንያት ብቻ ሳይበድል ተጠርጣሪ ሆኖ ስምንት ዓመት ይማራል። ሰንደቅ ዓላማው ይወጣል፤ መዝሙሩ ይዘመራል፤ የመጀመሪያው ስንኝ በሁሉም፣ መካከሉ በጥቂቶች፣ መጨረሻው እንደገና በሁሉም አፍ። ከዚያ ትምህርት ቤቱን የሚመሩት ሲስተር ሁለት ደቂቃ ይናገራሉ። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 90 ትምህርት ከሃይማኖት ተጽዕኖ ነፃ ሆኖ እንዲሰጥ ስለሚያዝ፣ የሲስተር ንግግር የሚያተኩረው በጥፍር፣ በጸጉርና የሰው እርሳስ ባለመውሰድ ላይ ነው።

እዚህ ላይ አጥኚው አንድ ካቶሊክ ፈልጎ ነበር። በ1999 ዓ.ም. የሕዝብ ቆጠራ መሠረት ካቶሊኩ ከአገሩ ሕዝብ 0.7 ከመቶ ነው። በሰልፉ ላይ ያለው ድርሻም ከዚህ ብዙ የራቀ አይመስልም፤ ቤተሰቦቹ ከጉራጌ፣ ከእምድብር በኩል የመጡ ልጅ ካጋጠመ ዕድለኛ ነን። የቀረው አንዋር መስጊድና ራጉኤል ቤተ ክርስቲያን ተፋጠው ከቆሙበት ሰፈር የመጣ ነው። በምዝገባ ሰሞን ይህ በግልጽ ይታያል። ሒጃብ የለበሱት እናትና ነጠላ ያጣፉት እናት ከንጋቱ በፊት መጥተው፣ ወረፋቸውን በድንጋይ ይዘው፣ አንዷ የሌላዋን ድንጋይ ትጠብቃለች። ‘ልጅሽን ለምን እዚህ ታስገቢዋለሽ?’ የሚል ጥያቄ ማንም አያነሣም። መልሱ የታወቀ ነው፤ ‘ሥነ ሥርዓት አላቸው’። ቀኑን ሙሉ ሱቅ ውስጥ ዋጋ ሲከራከር ለሚውል ሰው፣ ክርክር የማይቀበል ተቋም ያለ ክርክር ገንዘብ የሚከፈልበት ነው።

ጥናቱ ብዙ ጊዜ ያጠፋው በምሳ ዕቃ ላይ ነው። የመርካቶ ልጅ ምሳውን ብቻውን አይበላም፤ ብቻውን ሲበላ ከታየ ወይ አዲስ ገቢ ነው ወይ ተጣልቷል። አራት አምስት ምሳ ዕቃ በአንድ ዴስክ ላይ ይከፈታል። ለሚያይ ሰው መብላት ብቻ ይመስላል እንጂ ከፍተኛ የሕግ ዕውቀት የሚጠይቅ ሥራ ነው። ሥጋ አይሻገርም፤ የእስላም ሥጋ፣ የክርስቲያን ሥጋ የሚለውን ልጆቹ ከፊደል በፊት ያውቁታል፤ ማንም አይቀየምም፤ ሥጋ ያለበት ምሳ ዕቃ ዞር ይደረግና ወሬው ይቀጥላል። እንቁላል አራጅ ስለሌለው ሰኞ፣ ማክሰኞና ሐሙስ በነፃነት ይዘዋወራል። ረቡዕና ዓርብ ሲሆን እሱም ለጿሚው ይወድቃል። ረመዳን ሲገባ ከዴስኩ አንዱ ጎን ዝም ይላል፤ ትንንሾቹ እስከ ስድስት ሰዓት ብቻ ጾመው ከዚያ በኋላ በሙሉ ልብ ይመለሳሉ። ዓመቱን በሙሉ ይህን ሁሉ ኬላ አልፈው ከዴስክ ዴስክ ሲሻገሩ የተገኙት ሽሮና ፓስታ ብቻ ናቸው። ሽሮው የሚያልፈው ቅቤ እንዳልነካው ባለቤቱ በእናቱ ከማለ በኋላ ነው። ፓስታውን በተመለከተ፣ ጣሊያን ከገበያው ስም ቀጥሎ ትቶልን የሄደው ቁም ነገር ይኸው ሳይሆን አይቀርም።

ስለ ሥልጣን አከፋፈል ደ ላ ሳል በደንብ አስበውበታል። ከሞቱ በኋላ በ1720 እ.ኤ.አ. በታተመው የትምህርት ቤት መመሪያቸው ውስጥ ለተማሪዎች የተመደበ ሹመት ሞልቷል፤ ደወል ደዋይ፣ ጠራጊ፣ ወረቀት አዳይ፣ በር ጠባቂ፣ ቁልፍ ያዥ፤ የቀረ ተማሪ ቤት ድረስ ሄዶ የሚጠይቅ ልጅ ሳይቀር። በእኛ ተማሪ ተራ ሹመቱ ሁሉ ተጠቃልሎ ለአንድ ሰው ተሰጥቷል፤ እሱም የክፍል አለቃ ይባላል። አለቃው ቲቸር ሲወጡ የሚረብሹትን ስም ሰሌዳው ላይ ይጽፋል፤ የደገመ ከስሙ ጎን ምልክት ይጨመርበታል። ስም ማስፋቅ ይቻላል። ዋጋው እንደየቀኑ ነው፤ ብስኩት፣ ሁለት ብይ፣ አለዚያም የነገ የሒሳብ የቤት ሥራ። ቀሪ ጠያቂ የሚለው ሹመት ግን እዚህ አላስፈለገም፤ የቀረው ልጅ አባቱ ሱቅ ባንኮኒ ኋላ ቆሞ፣ ጠመኔ ሊገዛ የተላከው የትምህርት ቤቱ ተላላኪ ራሱ ያገኘዋል፤ አንዳንዴም መልስ ይቀበለዋል።

በቤትና በትምህርት ቤት መካከል የሚመላለሰው ሰነድ ኮሙኒኬሽን ቡክ ነው። ቲቸሯ ‘ልጅዎ በእንግሊዝኛ ክፍለ ጊዜ ያወራል’ ብላ በእንግሊዝኛ ትጽፋለች፤ ወላጅ ማየቱን ለማረጋገጥ ይፈርማል። ነጋዴ በፊርማ አያምንም። አጥኚው ካያቸው መካከል አንዱ አባት ከፊርማው በላይ የሱቁን ማኅተም አድርገውበት ነበር። ሌላው፣ ማኅተሙ እጃቸው ላይ ስላልነበረ ይሆናል፣ ‘ተከፍሏል’ የሚለውን መትተውበታል። ስለ ሹራብ ብዙ አንልም፤ አንደኛ ክፍል እጅጌው ሦስት ጊዜ ታጥፎ ይለበሳል፣ ሦስተኛ ክፍል ልክ ይሆናል፣ አምስተኛ ክፍል ክርኑ ይቀደዳል፣ ከዚያ ለታናሽ ይተላለፋል።

አሁን ወደ ዋናው ግኝት እንለፍ። ‘ወላጅ ይዘህ ና’ የሚለው ትእዛዝ ሌላ ሰፈር ሲነገር ትርጉሙ አንድ ነው። መርካቶ ግን የሚታጣ ነገር ስለሌለ ወላጅም አይታጣም። አጥኚው ለዚህ ማስረጃ አድርጎ የሚያቀርበው ራሱን ነው። አምስተኛ ክፍል ሳለ፣ ቸርኬውን ከሰዓቱ አሥር ደቂቃ ቀድሞ መትቶ ትምህርት ቤቱን በሙሉ ለእረፍት አስወጣ። ወላጅ ተጠየቀ። አባቱን ማምጣት በጤና ላይ ጉዳት ስለነበረው ወደ አውቶቢስ ተራ ወረደና ዕድሜያቸው የሚበቃ፣ ግንባራቸው የሚታመን አንድ ተሸካሚ አነጋገረ። በሁለት ብርና በአንድ ሻይ ተስማሙ። ሰውየው ለክብራቸው ከሰልባጅ ነጋዴ ኮት ተዋሱ።

ቢሮ ሲገቡ ቆባቸውን አውልቀው እጅ ነሱ። ‘ሲስተር፣ ይሄን ልጅ እኔ ሳልበላ ነው ያበላሁት’ ብለው ዓይናቸውን በኮቱ እጅጌ ጠረጉ። ቀጥሎም በውሉ ያልተጠቀሰ ጥፊ ጨመሩ። ሲስተር እስኪጨርሱ በትዕግሥት አዳመጧቸው።

‘አመሰግናለሁ አባባ’ አሉ በመጨረሻ። ‘ባለፈው ሳምንት የሦስተኛ ቢዋ ልጅ አጎት ነበሩ።’

‘ዘመድ ብዙ ነው፣ ሲስተር።’

‘እግዜር ያብዛልዎ። እንግዲህ ከመጡ አይቀር በር ላይ ሦስት ኩንታል ዱቄት አለ፤ ወደ መጋዘን ያስገቡልኝ።’

አስገቡ። ሲስተር የከፈሏቸው ከአጥኚው ይበልጥ ነበር። ኮቱን ያዋሰው ነጋዴ የአባትየው የዕቁብ ጓደኛ መሆኑ የታወቀው ማታ ነው፤ ከዚያ በኋላ የሆነው ከዚህ ጥናት ወሰን ውጭ ነው።

ከዓመታት በኋላ አጥኚው ለዚህ ጽሑፍ ሲል በዚያው በር ተመልሶ ገባ። ሲስተር ሌላ ናቸው፤ ወንበሩ ያው ነው። ሰልፉን ለአንድ ሳምንት ቆሞ ለማየት ፈቃድ ጠየቀ።

‘ደብዳቤ ይዘዋል?’

‘አልያዝኩም፣ ሲስተር።’

‘የሚሠሩበት መሥሪያ ቤት?’

አጥኚው የሚሠራው ከቤቱ መሆኑን አስረዳ። ሲስተር መነጽራቸውን ዝቅ አድርገው ተመለከቱት፤ አስተያየታቸው በሰልፍ ኋላ የሚቆሙ ልጆች የሚያውቁት ዓይነት ነበር።

‘እንግዲያው ኃላፊዎን ይዘው ይምጡ’ አሉ።

ቸርኬው ተመታ። አጥኚው በዘጠኝ ሰዓት ተኩሉ የመውጫ ሰልፍ መካከል ተጋፍቶ ወጣና በአውቶቢስ ተራ በኩል ወረደ፤ እየሄደ የሚያየው የሰውን ዕድሜና ግንባር ነበር። ኮቱን ከማን እንደሚዋስ አስቀድሞ ያውቃል።